«አቤት» ያላለ ልጅ

መስከረም በጠባ ቁጥር ደብተርና ቦርሳ የጫኑ መኪኖች በደብረ ብርሃን ዙሪያ ወደሚገኙት የተፈናቃዮች መጠለያዎች ይመጣሉ። ሰጪው ከልቡ ይሰጣል፣ ልጆቹም ከልባቸው ይደሰታሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ መኪናው ባዶውን ይመለሳል። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ደብተር ለሌለው ልጅ ደብተር ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በዚችው ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር፣ የከተማውንም የተፈናቃዩንም ልጅ ስም በየዕለቱ የምጠራ ሰው እንደ መሆኔ፣ የስም መጥሪያው መዝገብ ከቦርሳው ይልቅ ልጅ ሲያድን አይቻለሁ። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ሳይል የቀረ እንደሆነ «የት ሄዶ ነው?» ብሎ የሚጠይቅለት ሰው ያለው ልጅ በቀላሉ አይጠፋም። ትምህርትና ጥበቃ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ሁለት ዘርፍ፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት ባለሙያ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ሥራው አንድ ነው።

ልጆቹ ከየት እንደመጡ በአጭሩ ልናገር። ቻይና ካምፕ፣ ወይንሸትና ባቄሎ በሚባሉት መጠለያዎች ከሰፈሩት ቤተሰቦች የሚበዙት ከወለጋ፣ ከኪረሙና ከጊዳ አያና ወረዳዎችና ከመሳሰሉት የመጡ ናቸው። የብዙዎቹ አያቶች የወሎ ሰዎች ነበሩ፤ በ1977 ዓ.ም ድርቅ ጊዜ በደርግ የሠፈራ ፕሮግራም ወደ ወለጋ ተወስደው፣ ጫካ መንጥረው፣ ቡናና በቆሎ ተክለው፣ ልጅ ወልደው ድረው ኩለው የኖሩ ናቸው። ዛሬ ከእኔ ፊት የሚቀመጠው ልጅ እንግዲህ የወሎን ቀዬ በወሬ፣ የወለጋን በትዝታ፣ የሸዋን ደግሞ በሸራ ቤት የሚያውቅ ሦስተኛ ትውልድ ነው። ከሰሜን ሸዋ ዞን ከራሱም የተፈናቀሉ አሉ። በ2013 ዓ.ም መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና አካባቢ ሲጠጋ ስንቱ ሰው ልጁን አዝሎ ጣርማበርን እንደወጣ የደብረ ብርሃን ሰው አይረሳውም። ከ2015 ዓ.ም ሐምሌ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ራሱ ግጭት ውስጥ በመግባቱ በገጠር ወረዳዎች በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ስለዚህ «ተቀባይ ማኅበረሰብ» የምንባለው እኛው፣ ልጆቻችንን ከዘመድ ቤት አስጠግተን የምናስተምር ሰዎች ሆነናል። ይህን የማነሣው ለተፈናቃይ ልጅ የሚደረገው ድጋፍ የጎረቤቱን ልጅ ዘልሎ ከሄደ መጠለያውን ከከተማው ጋር እንደሚያቃቅር ስላየሁ ነው።

ወደ ትምህርት ቤት የሚያስገባው የመጀመሪያው በር መዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤት ደግሞ መልቀቂያና ካርድ ይጠይቃል። በሌሊት ከቤቱ የወጣ ሰው ካርድ አይዝም። አንድ አባት ከኮቱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉ አስታውሳለሁ፤ የታናሽየዋ የክትባት ካርድ፣ የእርሳቸው የቀበሌ መታወቂያና ሁለት የመሬት ግብር ደረሰኝ ነበር። የትልቁ ልጅ ካርድ የለም። «መምህር፣ ወደ ስድስተኛ አልፎ ነበር፤ ያስተማሩት መምህር ግን አሁን የት እንዳሉ አላውቅም» አሉኝ። ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አይመልስም፤ መንገዱም የሚኬድበት አይደለም።

ኢትዮጵያ ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የወጣውን የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 13 መንግሥታት በመፈናቀል ጊዜ የጠፋ ወይም የወደመ ሰነድን እንዲተኩ ያዛል፤ ሰነዱን ለማግኘት ወደ ቀድሞ መኖሪያ ተመለሱ እንደማለት ያለ ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥንም ይከለክላል። ስለዚህ ካርድ የሌለውን ልጅ «ከነበርክበት አጽፈህ አምጣ» ብሎ መመለስ አገሪቱ በሕግ የተቀበለችውን ግዴታ መርሳት ነው። ይህን አንቀጽ በአንድ ገጽ ጽፎ በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ወጪው የአንድ ወረቀትና የአንድ ማጣበቂያ ነው። ከብዙ ሥልጠና የሚበልጥ ይመስለኛል።

ልጁ ከተመዘገበ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ስንተኛ ክፍል ይግባ የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይባክናል። የእኚያ አባት ልጅ የምደባ ፈተና ሲሰጠው የአማርኛውን ወረቀት ባዶውን መለሰ። 14 ዓመቱ ነው፤ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል፤ ማንበብና መጻፍ የተማረው ግን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። የሒሳቡን ወረቀት ስንሰጠው የተለያየ ታሕት ያላቸውን ክፍልፋዮች ከእኛ ተማሪዎች ፈጥኖ ደመራቸው። በመምህራኑ ስብሰባ ላይ ገሚሱ ሦስተኛ ክፍል ይግባ አለ፤ ፊደል የማይለይ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ምን ይሠራል የሚል ነው ክርክሩ፣ ከእውነት የራቀም አይደለም። ነገር ግን የ14 ዓመት ወንድ ልጅ ከ9 ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጥ፣ ጉልበቱ ዴስኩን ገፍቶ ሲያነሣው፣ ሕፃናቱ ሲሥቁ ምን እንደሚሆን ከዚያ በፊት ዓይተናል፤ ከጥምቀት በኋላ አይመለስም። በመጨረሻ ስድስተኛ ክፍል ገባ፤ ለአማርኛው ደግሞ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ፊደል ከሚያስቆጥሩት መምህርት ጋር ተመደበ። ፊደሉን በአንድ ሴሚስተር ለይቶ ጨረሰ፤ በእርግጥ እስካሁን ኃምሱንና ሳድሱን ያምታታል። አንድን ልጅ በቋንቋ ወረቀት ብቻ መዝኖ «አይችልም» ማለት የተማረውን ሁሉ እንደገና ማፈናቀል ነው።

ሦስትና አራት ዓመት ከትምህርት ርቀው የቆዩ፣ ዕድሜያቸው ግን የገፋ ልጆች ሌላ መንገድ ያስፈልጋቸዋል። በአገራችን ስፒድ ስኩል በሚል ስም የሚታወቀው የተፋጠነ ትምህርት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለውን ትምህርት በ10 ወር አስጨርሶ ልጆቹን ወደ መደበኛው ክፍል የሚያስገባ ነው፤ በአነስተኛ ክፍል፣ በጨዋታና በቡድን ሥራ ስለሚሰጥ ለእነዚህ ልጆች የተሠራ ያህል ነው። ችግሩ ከዚያ በላይ ያሉት ላይ ነው። ከአምስተኛ ወይም ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ የ15 ዓመት ልጅ፣ ክልላዊው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከፊቱ ተደቅኖ፣ የሚይዘው ፕሮግራም ብዙም የለም። የሚያጋድለው ወደ ሥራ ነው።

ሥራው ደግሞ በዚህ ከተማ ብዙ ዓይነት ነው። ወንዱ ኩበት ለቅሞ ይሸጣል፣ ድንጋይ ካባ ይወርዳል፣ መናኸሪያ ዕቃ ይሸከማል፣ ባጃጅ ያጥባል። ሴቷ ጀበና ቡና ታፈላለች፣ አረቄ ቤት ታስተናግዳለች፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በደላላ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለቤት ሠራተኝነት ትሄዳለች። በግጭት አካባቢ ከትምህርት ቤት ደጅ የቀረ ወንድ ልጅ መሣሪያ ወዳለበትም ቅርብ ነው፤ ይህን ማን እንደሚያደርገው መከራከር የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር አንቀጽ 22 ማንም እንዳያደርገው ይከለክላል።

ስለ አንዲት ተማሪዬ ልንገራችሁ፤ እንዳትታወቅ ስል ክፍሏንና መጠለያዋን አልጠቅስም። 13 ዓመቷ ነበር። ስም ስጠራ «አቤት» የምትለው ከሁሉ ዝግ ባለ ድምፅ ስለነበር ቀና ብዬ ማየት ልማዴ ሆኖ ነበር። አንድ ሰኞ ቀረች። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ «ታማ ነው፣ ቲቸር» አለች። ማክሰኞም «ታማ ነው» አለች፤ ግን አሁን ወደ መሬት እያየች ነው። ልጅ የጓደኛውን ምሥጢር ሲሸከም አንገቱ ላይ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ከአንዲት የትምህርት ቤታችን መምህርት ጋር ወደ መጠለያው ሄድን። እናቷ ሸራው ደጃፍ ላይ ክክ እየለቀሙ ነበር፤ ሲያዩን ተነሥተው አጎዛ አነጠፉልን። ታማለች አላሉንም። «ነገ ትሄዳለች» አሉ። የሚወስዷት ሴት አዲስ አበባ ልጅ የምታዝልበት ቤት አግኝተውላታል፣ ማታ ማታ ያስተምሯታል ተብሏል። «እናንተ ልጅቱ ትማር ትላላችሁ፤ እኔም ትማር እላለሁ። ራሽኑ ከመጣ ግን ስንት ጊዜው? እዚያ እንኳ ጠግባ ታድራለች።»

ለእኚህ እናት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል ብሎ ማንበብ ለቀባሪው ማርዳት ነው። እናትየዋ ልጃቸውን መሸጣቸው አልነበረም፤ ካሏቸው ክፉ አማራጮች ውስጥ ያነሰውን እየመረጡ ነበር። ስለዚህ ክርክሩን ትተን፣ ሴትየዋ ማን እንደሆኑ፣ አድራሻቸው የት እንደሆነ፣ ስልካቸው እንደሚሠራ ጠየቅን። ስልኩ ተደወለ፤ ዝግ ነው። እናትየዋ ሁለተኛ ጊዜ አስደወሉን፤ አሁንም ዝግ። ያን ጊዜ ነው ፊታቸው የተለወጠው። ከመጠለያው ኮሚቴ አንድ ሽማግሌ ተጠሩ፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋም በማግሥቱ መጣች፤ ሴትየዋ ግን ሰው እየጠየቀ መሆኑን ሰምተው ነው መሰለኝ ሳይመጡ ቀሩ። ልጅቷ ሐሙስ ዕለት ክፍል ገባች። ድህነቱ አልተፈታም፤ እናትየዋ ለጥቂት ወራት የሚሆን የገንዘብ ድጋፍ ከአንድ የእርዳታ ፕሮግራም እንዲያገኙ ስማቸው ተላለፈ፣ እሱም ዘግይቶ መጣ። ሁሉም እንዲህ አያልቅም። ከዚያው ክፍል የቀረ አንድ ልጅ «ዘመድ ጋር ሄደ» ከተባለ በኋላ የደረሰበትን የሚያውቅ የለም፤ መዝገቡ ላይ ስሙ በቀይ ተሰርዟል።

ጋብቻውም ከዚሁ የተለየ አይደለም። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባውን እስከ 7 ዓመት፣ 13 ዓመት የሞላትን ያገባውን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉ አለ። ሆኖም ሸራ ቤት ውስጥ በር የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ወላጅ ልጁን «ክብሯ ሳይነካ» ለባል መስጠትን ጥበቃ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከመጠለያው እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ጨለማ ከሆነ፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ ከሌለው፣ በወር አበባ ጊዜ ሞዴስ ከሌለ ይህን አስተሳሰብ በምክር ብቻ ማስለወጥ አይቻልም። ሴት ልጆች በወሩ ውስጥ ተመሳሳይ ቀናት ላይ የሚቀሩ ከሆነ መዝገቡ ያሳብቃል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው የሞዴስ መግዣና አንድ መቀርቀሪያ ነው።

ክፍል ውስጥ ስለሚሆነው ደግሞ ጥቂት ልበል። ደወላችን ከባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። አዳዲሶቹ ልጆች በገቡበት ሰሞን ቸርኬው በተመታ ቁጥር ዴስክ ሥር የሚገባ ልጅ ነበረን። ሌሎቹ መጀመሪያ ሣቁ፤ ኋላ ከዴስኩ ሥር ጎትታ የምታወጣው አንዲት የከተማ ልጅ ሆነች፣ ማንም ሳይነግራት። ርዕሰ መምህሩ ለተወሰነ ጊዜ ደወሉን በፊሽካ ተኩት። ዝም ያለን ልጅ ጨዋ ነው ብሎ ማለፍ፣ የሚደባደበውን ባለጌ ነው ብሎ ማባረር ለእኛ ለመምህራን የቀለለ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። አርጩሜ ደግሞ ለማንም አይበጅም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። ለተፈናቀለ ልጅ የሚያስፈልገው የሥነ ልቦና ድጋፍ ሁሉ የባለሙያ ሕክምና አይደለም። ብዙው በሰዓቱ የሚጀመር ትምህርት፣ የማይቀያየር መምህር፣ ኳስና ገመድ ዝላይ፣ የሚያዳምጥ ትልቅ ሰው ነው። እንቅልፍ ያጣውን፣ ከዕድሜው በኋላ አልጋ ላይ መሽናት የጀመረውን፣ መናገር ያቆመውን ለይቶ ወደ ጤና ባለሙያ መላክ የሚቻለውም በየቀኑ የሚያየው ሰው ሲኖር ነው።

ስለ ብርዱም ሳልናገር አላልፍም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ከወለጋ ቆላማ ቀበሌ የመጣ ልጅ ሹራብ ሳይኖረው የጠዋት ፈረቃ ሲመደብ እስከ ረፋድ ጣቱ እርሳስ አይዝም። ተፈናቃዮቹን ሁሉ ከሰዓት ፈረቃ እናድርጋቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ለብርዱ መልካም ነው፣ ለሌላው ግን አይደለም። ለብቻቸው ከተመደቡ «የካምፕ ፈረቃ» ይባላሉ፤ ስሙ አንዴ ከወጣ አይለቅም። ሹራብ ገዝቶ መቀላቀል ይሻላል።

ከሩቅ ሆናችሁ እንርዳ ለምትሉ የምለው ይህንኑ ነው። ቦርሳውን ላኩ፤ ከቦርሳው ጋር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሰው አብሮ ይታሰብ። ከመጠለያው ከራሳቸው መካከል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ ያጣች ወጣት አትጠፋም። ለእሷ መጠነኛ አበል ከፍሎ፣ በየቀኑ ከትምህርት ቤቱ የቀሪዎችን ስም ተቀብላ በየሸራው ሄዳ እንድትጠይቅ ማድረግ አንድ ትልቅ ወርክሾፕ ከሚፈጀው ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነው። ለማካካሻ ትምህርት የሚቆዩ መምህራን የትራንስፖርትና የሻይ ይከፈላቸው፤ ራሳቸውም የኑሮው ውድነት የጎበጣቸው ናቸው። የልጆቹን ፊት ግን እባካችሁ አትለጥፉ። የመጡበትን ቀበሌ፣ የደረሰባቸውን መከራና ፊታቸውን አንድ ላይ አድርጎ ፌስቡክ ላይ መጫን ለለጋሹ ማስረጃ ነው፤ ለልጅቱ ግን ዕድሜ ልኳን የሚከተላት፣ ለክፉ ሰውም አድራሻ የሚጠቁም ነገር ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመመለሱ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም ከመጠለያዎቹ የተወሰኑ ቤተሰቦች ወደ ወለጋ እንዲመለሱ ተደርጓል፤ ከሄዱት መካከል ዳግመኛ ወደ ደብረ ብርሃን የመጡም አሉ። መመለስ ያለባቸው መቼና እንዴት እንደሆነ የሚወስኑት ራሳቸው፣ ደኅንነታቸው ተረጋግጦ፣ በፈቃዳቸው መሆን አለበት፤ የካምፓላው ስምምነትም የሚለው ይህንኑ ነው። የትምህርት ዘመኑ በወገቡ ላይ ሳለ አውቶቡስ ሲመጣ ግን ስለ ልጆቹ ካርድ የሚያስብ አይገኝም፤ ልጁ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ከዚህ «አጽፈህ አምጣ» ይባላል። ስለዚህ በእኛ ትምህርት ቤት ለተፈናቃይ ልጆች የሴሚስተሩ ካርድ በሁለት ቅጂ ማኅተም ተደርጎበት እንዲወጣ ተስማምተናል፤ አንዱ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ለወላጅ ይሰጣል፣ አንዱ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፣ በርዕሰ መምህሩ ስልክም ፎቶ ይነሣል። የፎቶ ኮፒ ማሽናችን ከተበላሸ ስለቆየ ቅጂውን የምናወጣው ከደጅ ካለ ሱቅ በመዋጮ ነው። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ወጪውን ከትምህርት ቤቱ በጀት እንዲሸፈን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ጽፈናል፤ በሚመጣው ስብሰባ ይታያል።